የበረኛው ዋጋ

«ሸጥሽው በይኛ። ምን ይደረግ፣ በዘር ነው፤ አባትሽም በጊዜው ሸጦ የለ እንዴ?» አለና ሳቀ፣ ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ። ስልኩ ድምፁ ተለቆ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የወንድሜ ልጅ ሁለት እጇ ተይዟል፤ እኔ የማለብሰውን የሶፋ ጨርቅ ጫፍና ጫፉን ጨብጣ እየወጠረችልኝ ነው። ወንድሜ ደግሞ ሦስት ብርጭቆ ሻይ በትሪ ይዞ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ሻዩ አልፈሰሰም። ወንድሜ እጁ የገባ ነገር አይወድቅም። ትሪውን ቀስ አድርጎ ከስልኩ አጠገብ አስቀመጠና ወደ ወጥ ቤት ተመለሰ፤ ወዲያው የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ሲታጠብ ተሰማኝ። ልጅቷ ስልኩን በክርኗ ገፍታ ዘጋችውና ወደ እኔ ዞረች። «ምን ማለቱ ነው አጎቴ? አባዬ ምን ሸጠ?» እኔ በዚያች ሰዓት አፌ ሚስማር ሞልቶታል። ሶፋ አልባሽ ሚስማሩን ከንፈሩ መሀል ይዞ አንድ በአንድ እያወጣ ነው የሚመታው። አርባ ዓመት ስሠራ አፌ ውስጥ ሚስማር በመኖሩ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

እኔ ማለት በዚህ ከተማ ሶፋ በማልበስ አቻ የሌለኝ ሰው ነኝ። ሰባት ሺህ ሶፋ አልብሻለሁ። ሚስቴ ሦስት ሺህም አይሞላ ትላለች፤ እሷ ግን ወንበሮቹን አትቆጥርም። የባንክ ሥራ አስኪያጅ የተቀመጠበት፣ ዳኛ የፈረደበት፣ ሙሽራ ያለቀሰበት ሁሉ በእኔ እጅ ያለፈ ነው። የሥራ ጓደኞቼ «እጥፉ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ሁለት ካየሁ አራት፣ አራት ከሆኑ ስምንት ብዬ ነው የማወራው አሉ። ምቀኝነት ነው። ነገሩ ሲፈጠር አንሶ ቢፈጠር ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ እኔ የማሟላው የጎደለውን ብቻ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ወንድሜ ቤት የሄድኩት የሶፋውን ጨርቅ በነፃ ልቀይርለት ነበር። እንኳን ለሌላ ሰው ለራሴም እንዲህ ያለ ጨርቅ አልብሼ አላውቅም፤ ንጉሥ ቢቀመጥበት አልነሳም የሚል ዓይነት ነው።

ሚስማሩ ሲያልቅብኝ ሌላ ጨምሬ ጎረስኩ። ልጅቷ መልስ ስታጣ ጥያቄውን ለጊዜው ተወችው፤ ግን የተወችው እንደ ላቦራቶሪ ሰው ነው፣ ናሙናውን ወደ ጎን አድርጎ እንደሚጠብቅ። የምትሠራው ክሊኒክ ውስጥ፣ ደም ምርመራ ክፍል ነው። ያ ስልክ ውስጥ የነበረው ደግሞ አብሯት የሚሠራ፣ የድሮ የሥራ ጓደኛዬ የአናጢው ልጅ ነው። ሁለቱ በምሳ ሰዓት የትንበያ ገበያ የሚሉት ነገር ላይ ተጥደው ይውላሉ። የዚያን ዕለት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የእኛ ብሔራዊ ቡድን ከጎረቤቶቻችን ጋር ይጫወታል፤ እሷም አርባ ቲኬት ገዝታ ኖሮ ግማሹን ጠዋት እንደሸጠችው ነው ለልጁ ስትነግረው የነበረው። ወሬ ለማስቀየር ቸኩዬ ሚስማሩን ተፋሁና «ይኼ ነገር ውርርድ ነው በይና ገላግይኝ» አልኳት።

«ውርርድ አይደለም አጎቴ። ውርርድ ላይ ዋጋውን የሚቆርጥልህ አወራራጁ ቤት ነው። እዚህ ዋጋውን የሚያወጡት ገዢና ሻጭ ናቸው።» ጨርቁን በጉልበቷ ይዛ ስልኩን አሳየችኝ። ጥያቄው አንድ መስመር ነው፤ ቡድናችን ዛሬ ያሸንፋል ወይ ይላል። ከሥሩ «አዎ» የሚል ቲኬት አለ፣ «አይ» የሚል ቲኬት አለ። ትክክል የሆነው ቲኬት ጨዋታው ሲያልቅ መቶ ሳንቲም ይከፈልበታል፤ የተሳሳተው ባዶ ወረቀት ነው። እሷ «አዎ»ን በሠላሳ አራት ሳንቲም ገዛችው። ይህ ማለት፣ አለችኝ፣ ያን ጊዜ ገበያው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሲደመር ከመቶ ሠላሳ አራት ያህል ነው የሚያምነው። አንዱ «አዎ»ን በሠላሳ አራት ሲገዛ፣ ሌላው ወገን «አይ»ን በስድሳ ስድስት መያዝ አለበት፤ ሁለቱ ተጋጥመው መቶ ይሞላሉ። አቻ ቢወጡስ አልኳት። አቻ ከወጡ አላሸነፉማ፣ «አይ» በላ አለችኝ። ደግሞ እስከ መጨረሻው መጠበቅ ግዴታ አይደለም፤ ጠዋት ላይ የጎረቤቶቹ አጥቂ ታሟል ተብሎ ዋጋው አርባ አንድ ሲገባ ሃያውን ሸጣ ወጣች፤ ሃያው ቀርቷታል።

«ታዲያ የሚሸጠው ወሬ ነዋ» አልኳት።

«እምነት ነው የሚሸጠው። ወሬ ሲመጣ እምነቱ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል።»

«አንዱ ቀጣፊ ተነስቶ በረኛው እግሩ ተሰበረ ብሎ ቢያስወራስ?»

«ዋጋው ይወድቃል። ውሸት መሆኑ ሲታወቅ ይመለሳል።»

«ካልታወቀስ?»

«ካልታወቀማ ወድቆ ይቀራል» አለች፣ እንደ ተራ ነገር።

ወጥ ቤት ውስጥ የሚፈሰው ውኃ ቆመ። እኔም መዶሻዬን አነሳሁ።

ሶፋ ስትገፈው ያለፈው ዘመን ነው የሚወጣው። የላይኛውን ጨርቅ ስታነሳ ከሥሩ ሌላ ጨርቅ አለ፣ ከእሱ ሥር ሰሌን፣ ከዚያ ጭድና ሽቦ። ያንን ቡናማ ጨርቅ ስቀድድ አፍንጫዬን የመታኝ የድሮ ቤታችን ሽታ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ያ ሶፋ ከእናታችን ቤት የመጣ ነው። ሁለት ክፍል ነበረችን። በመስኮቱ ላይ በተወጠረች ገመድ የወንድሜ ጓንቶች እንደ ሁለት ትልልቅ ዓሣ ተሰቅለው ይውሉ ነበር፤ ቤቱ ሁሉ ቆዳና የጡንቻ ቅባት ቅባት ይላል፤ እናታችን ሸተተኝ እያለች ግን ለጎረቤት መስኮቱን ከፍታ ታሳይ ነበር። ወንድሜ ከስታዲየም በእግሩ ነበር የሚመጣው። ሻንጣውን በትከሻው አንግቶ መንገዱ ጫፍ ላይ ብቅ ሲል፣ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች አንሶላውን ገለጥ አድርገው ያዩታል፤ ፀጉር አስተካካዩ ሰው ግማሽ ተላጭቶ እያለ ምላጩን ይዞ ይወጣል። ጨዋታ ሲኖር የእንጨት ሥራ ፋብሪካችን መስኮት ላይ ሬዲዮ እናስቀምጣለን፤ መንገዱ ይሞላል። አሥር ሺህ ሰው ይሆናል። እሺ፣ ሁለት መቶ። ያን ጊዜ ውርርድ ማለት አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ነው፤ የተሸነፈ ደግሞ አሸናፊውን አዝሎ መንገዱን ያሻግራል። ዋጋ የሚያወጣ ገበያ አልነበረም፤ አስተያየቱ የጮኸ ነበር የሚያሸንፈው። እኔ ደግሞ ለጩኸት ተፈጥሬያለሁ።

ያ ጨዋታ ከእነዚሁ ጎረቤቶቻችን ጋር ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ድረስ አቻ ነበርን። ከዚያ አንዲት ኳስ መጣች፣ ሕፃን ልጅ በቀሚሱ የሚይዛት፤ በወንድሜ እጅ ሥር አልፋ ገባች። የሬዲዮው ሰውዬ ዝም አለ። እስከ ዛሬ ብዙ ጩኸት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ ግን የጮኸብኝ የለም። በማግሥቱ ፋብሪካ ስገባ አናጢው፣ ቀቢው፣ ሹፌሩ፣ ዘበኛውና አለቃችን ሻይ ይዘው ይጠብቁኛል። «ወንድምህ ወንፊት ሆነ አይደል?» አለ ቀቢው። «ወንፊትስ እንክርዳዱን ያስቀራል» አለ አናጢው። ሳቁ። ወንድሜ፣ የመንገዱ ጌታ፣ ወንፊት ተባለ። ደሜ ፈላና እንዲህ አልኳቸው፦ «እናንተ ሞኞች፣ ያቺን ኳስ ወንድሜ በነፃ የሚያሳልፋት ይመስላችኋል? ማታ ቤት ሲገባ ሻንጣው በገንዘብ ተወጥሮ አይዘጋም ነበር።» ሻንጣው ተወጥሮ ነበር፣ እሱን በዓይኔ አይቻለሁ። ገንዘቡን በአፌ የሞላሁበት እኔ ነኝ። ምስኪን ከሚሉት ሌባ ቢሉት ይሻላል ብዬ ነው፤ ሌባን ቢያንስ ሰው ይፈራዋል። እነሱም ሳቃቸውን አቆሙ፤ በዓይናቸው አክብሮት የሚመስል ነገር አየሁ። በወሩ ግን ከተማው ሁሉ በረኛው ጨዋታውን ሸጠ ይል ጀመር። ወንድሜ ሳያሰናብቱት ራሱ ከቡድኑ ወጣ፤ ጓንቱን ከገመዱ አወረደ፤ ሠፈሩን ለቀቀ፤ ጡረታ እስኪወጣ የዕቃ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ኖረ። ያም ቢሆን ጥበቃ ነው። ሚስቱ ስትሞትበት ይህችን አንዲት ልጅ ብቻውን አሳደገ። አዲሱ ሠፈር ስለማያውቀው ልጅቷ የምታውቀው ከቴሌቪዥኑ በላይ የሰቀለችውን ፎቶ ነው፦ አባቷ በአየር ላይ፣ ኳሷ በእጁ። በዚያ ቤት ውስጥ ከዚያ ፎቶ የሚበልጥ ሀብት አልነበረም። ጠዋት ስልኩ ውስጥ የሳቀው ሰውዬ የነካው እሱን ነው።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሶፋው ገና ሆዱን ገልጦ መሀል ቤት ተጋድሟል። እኔና ልጅቷ የእንጨት ወንበር ላይ፣ ወንድሜ በጀርባው በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጥን። ምሳ ላይ ሦስታችንም ስለ ጨው ነው ያወራነው፤ አነሰ፣ አላነሰም። ጨዋታው ሲጀመር ዋጋው ሠላሳ ስምንት ነበር። በሃያ ሁለተኛው ደቂቃ የእኛዎቹ አገቡ፣ ልጅቷ ስልኩን አየችና «ስልሳ ሦስት» አለች። ከእረፍት በኋላ ደቂቃው እየሄደ፣ ቁጥሩም እየወጣ ሰባ አንድ ገባ። ወንድሜ ድንገት ጎንበስ ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ።

«ልጁ ግራ ትከሻውን ደብቋል» አለ።

«የቱ ልጅ?»

«የእኛ በረኛ። ከዕረፍት ከተመለሰ ጀምሮ ኳሱን በቀኙ ብቻ ነው የሚወረውረው። የማዕዘን ምት ሲመጣ ከግራው ቋሚ ተጠግቶ ይቆማል፤ እንዳይዘረጋ ነው። ዝቅ ብላ በግራው ከመጣች አይደርስባትም።»

ልጅቷ አባቷን አየችው፣ ቴሌቪዥኑን አየች፣ ስልኩን አየች። ይህንን ገና ማንም አላየም፤ ገበያውም አላየም፣ ሰባ አንድ ላይ ቆሟል። ጣቷን አዘጋጀች። «ታዲያ ልሽጠው አባዬ?»

«ልሽጠው» የሚለው ቃል መሀላችን ወደቀ። እሷም ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ የጠዋቱ ናሙና ሰዓቱ ደረሰ መሰለኝ። «አባዬ፣ ያ ሰውዬ ያለው ምንድን ነው? ጨዋታ ሸጠህ ነበር?»

«አልሸጥኩም» አለ፣ ዓይኑን ከኳሱ ሳያነሳ።

«ታዲያ ለምን አሉ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ሠላሳ አንድ ዓመት አስቤዋለሁ። ከዳኛው ይሆን፣ ከጎረቤቶቹ ይሆን፣ ከአሠልጣኙ ይሆን እላለሁ። አሠልጣኙን እስኪሞት አኩርፌው ኖሬአለሁ። ከየት እንደመጣ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ሰው አሠልጣኙን በከንቱ አኩርፎ ሲቀብር ምን ይባላል። ምላሴ የለመደችውን ለማድረግ ተንቀሳቀሰች፤ አንድ ቀልድ ጣል አድርጌ ልሻገር አሰብኩ። እንዲያውም ጀምሬው ነበር። ከዚያ ልጅቷን አየኋት፤ አባቷን አምናዋለች፣ ግን ፊቷ ላይ አንዲት ትንሽ ጥርጣሬ ቀርታ መልስ እየጠበቀች ነው።

«እኔ አውቃለሁ ወንድም ጋሼ» አልኩ።

ነገርኳቸው። ሻዩን፣ ወንፊቱን፣ ሻንጣውን። በሕይወቴ ያለ ጭማሪ የተናገርኩት ወሬ ያ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አጭር ሆነብኝ፣ አምስት ደቂቃም አልፈጀ። በዚያ መሀል ቴሌቪዥኑ ውስጥ ጩኸት ነበር፤ ማንም አላየም። ጨርሼ ዝም ስል ነው ውጤቱን ያየነው፦ ሁለት ለአንድ እየተመራን ነው፤ ሁለቱም ኳሶች ዝቅ ብለው በግራ በኩል ገብተዋል። ስልኩ ላይ «አዎ» ስድስት ሳንቲም ሆኗል። ልጅቷ አልሸጠችም። ዳኛው ሲነፋ ስድስቱም ባዶ ገባ፤ ወንድሜ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

ቆሞ ቀረ። እንዲመታኝ ፈለግሁ፤ እጁን የማውቀው ሰው ቢመታኝ አንድ ወር እተኛ ነበር። እሱ ግን «ሻንጣው ውስጥ ምን እንደነበር ታውቃለህ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ፋሻ። ፋሻና በላስቲክ የተቋጠረ በረዶ። ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት የእጄ አንጓ ወልቆ ነበር። ብናገር ተጠባባቂው ይገባል፤ ደብቄ ተጫወትኩ።» የቀኝ አንጓውን በግራ እጁ ያዘ። «ጥፋትማ ነበረብኝ። ደብቄ ገብቼ አስበላኋቸው። አንድ ቀን ወጥቼ ልናገረው፣ ሰውም ሰድቦኝ ይቅር ሊለኝ አስቤ ነበር። አንተ የራሴን ጥፋት ወስደህ የማላውቀውን ሰጠኸኝ። ይቅርታ የምጠይቅበት እንኳ አጣሁ።»

ልጅቷ አባቷ አጠገብ ሄዳ አንጓውን አየችው፤ ጣቷን አስቀምጣ ዳበሰችው። አጥንቱ አንድ ቦታ ላይ ጎበጥ ያለ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ እጅ ስትያዝ ኖራ ያየችው አሁን ነው መሰለኝ።

«ደውል» አለኝ ወንድሜ።

«ለማን?»

«ለአናጢው። ልጁ የሚያወራው ከአባቱ ሰምቶ ነው።»

ልጅቷ ለባልደረባዋ ደወለች፤ አባትህን አገናኘኝ አለችው፤ ድምፁን ለቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ እኔም ማንነቴን ተናገርኩ። የአናጢው ድምፅ አርጅቷል፣ ግን መጋዙ አልዶለዶመም።

«እጥፉ? አንተ በሕይወት አለህ እንዴ? እኔ እኮ ቀብርህ ላይ ሁለት ሺህ ሰው መጣ ሲሉኝ፣ አንድ ሺህ ብቻ ነው የሚሆነው ብዬ ቀረሁ።»

«ስማኝማ። ያ የወንድሜ ሻንጣ፣ ያ ሻይ ላይ የነገርኳችሁ። ገንዘብ አልነበረበትም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ ተሰማ፣ በእሱ በኩል ይሁን በእኛ አላውቅም። «አንተን ጠንቅቀን እናውቅሃለን እኮ» አለ አናጢው። «አንድም ቀን የተናገርከውን በሙሉ አላመንንህም። ሻንጣ ሙሉ ስትል፣ ለእጥፉ ግማሹን ቀንሱለት ተባባልን። ግማሽ ሻንጣ ነው ብለን ነው ያመንነው።»

«ግማሽም አልነበረም። ፋሻ ነበር። አንጓው ወልቆ ነበር።»

«እንዴ።» አናጢው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ለእናንተ ስል ጠንቃቃ የሆንኩ መስሎኝ። ለልጄም ስነግረው ግማሽ ሻንጣ ብዬ ነው የነገርኩት።» ከዚያ ደግሞ ሳቅ ያለበት ድምፅ አወጣ። «አሁንስ? አሁን ያልከውንም እንደ ልማዳችን ግማሹን ልመን?»

ወንድሜን አየሁት። ሣጥኑ ላይ ተመልሶ ተቀምጧል። ጠዋት ከልጅቷ በሰማው የገበያ ቋንቋ ነው የመለሰው፣ ለእኔም ለስልኩም ሳይሆን ለራሱ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዋጋዬ ሃምሳ ገባ ማለት ነው» አለ። ልጅቷ ሳታስበው ሳቀች፤ ከዚያ አፏን ያዘች፤ እሱም ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ በመንገዱ ጫፍ ላይ ሻንጣ አንግቶ ብቅ ይል ከነበረበት ዘመን ወዲህ አላየሁትም ብል፣ ለአንዴም ቢሆን አልጨመርኩም።

አናጢው በሙሉ አምናለሁ፣ ልጄንም አናግረዋለሁ ብሎ ተሰናበተ። ወንድሜ ግን ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም።

«ሌላስ? ማን ማን ነበር?»

«ቀቢው። ሞቷል።»

«ሌላ።»

«ዘበኛው። እሱም ሞቷል። አለቃችንም አምና ሞተ፤ ቀብሩ ላይ ነበርኩ።» ከዚህ በላይ መናገር ከበደኝ፣ ግን መጨረስ ነበረብኝ። «ሦስቱም የእኔን ውሸት እንዳመኑ ነው የሄዱት።»

ወንድሜ ሦስቱን ሰዎች አንድ በአንድ ያስታወሳቸው መሰለኝ። ቀቢው ከጨዋታ በፊት ጓንቱን ሰም ይቀባለት ነበር። ዘበኛው ስሙን እየጠራ በሩን ይከፍትለት ነበር። ሻዩ ቀዝቅዞ ላዩ ላይ ቆዳ አበጅቷል። ወንድሜ አንገቱን ቀና አደረገ።

«አምስት ነበሩ ብለሃል። ሹፌሩስ?»

«ሹፌሩ አለ። ግን ወንድም ጋሼ፣ ጆሮው ደንቁሯል አሉ፣ ምንም አይሰማም።»

«እንግዲያው ጮክ ብለህ ንገረዋ» አለ፣ ስልኩን ወደ እኔ እየገፋ።